ወንድሟ ዘማች በነበረ ጊዜ ፒያኖ ያስተማርኳት ልጅ

ፒያኖው መካነ ሰላም የገባው በእህል መኪና ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ከአንድ የተወረሰ ቤት ወጥቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ከማሽላው ጭነት ላይ በገመድ ታስሮ መጣ። ያን ጊዜ የኛ መንገድ መንገድ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ጭራሽ ይዘጋል፤ በበጋም ቢሆን መኪናው ሲንገጫገጭ ውሎ ሲንገጫገጭ ያድራል። ፒያኖው ሲወርድ አንድ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ያወረዱት ወጣቶች "ይሄ ደግሞ የማን ሬሳ ሣጥን ነው?" እያሉ ሲስቁ ትዝ ይለኛል።

እኔ በከተማው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ፒያኖ መጫወት ተምሬያለሁ። በቦረና አውራጃ ይህን የሚችል ሌላ ሰው ስላልተገኘ፣ ሳልጠየቅ የኪነት ቡድኑ አባል ሆኜ አረፍኩት። በዓል በመጣ ቁጥር ካኪ ለብሰን በሕዝብ አዳራሹ ውስጥ ለአብዮቱ እንዘፍናለን፤ ከፒያኖው በፊት ከበሮና አንድ ክራር ብቻ ነበር ያለን።

የተሰበረውን እግር እንዲጠግን የተጠራው አናጢ አብሮ አደጌ ነው። አባቱ የኔታ ነበሩ፤ ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው እሳቸው ዘንድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዛፉ ሥር ተኮልኩለን ነው። የኔታ ሲሞቱ እሱ የጀመረውን የዜማ ትምህርት ትቶ መጋዝና መላጊያ ያዘ። እናቱንና ታናሽ እህቱን የሚያኖራቸው እሱ ነበር።

እህቱንም ይዟት መጣ። ገና ጡት ማጎጥጎጥ የጀመረች ልጅ ነበረች። በእግሯ ጣቶች ጫፍ ትራመዳለች፤ ደስ ሲላት እጆቿን እንደ ክንፍ ታራግባለች፤ ወፍጮ ቤት በር ላይ ስታልፍ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች። ሲያናግሯት የተባለችውን መልሳ ትላለች እንጂ የራሷን አትናገርም። "ደህና አደርሽ?" ሲሏት "ደህና አደርሽ?" ትላለች። ዛሬ ኦቲዝም የሚል ስም አለው። ያኔ ስሙን የሚያውቅ በመካነ ሰላም አልነበረም። ቡዳ ነው ተባለ፣ ዛር ነው ተባለ። እናቷ ጠበል አስጠምቀዋታል፤ ጎረቤታቸው ሼህም ዱዓ አድርገውላታል። ስሟ ሲጠራ አትዞርም። ወንድሟ ግን የሚጠራበት ዘዴ ነበረው፤ ሽቅብ ወጥታ ቶሎ የምትመለስ አንዲት አጭር ፉጨት። ያቺን ስትሰማ የትም ሆና ትመጣለች።

እሱ የፒያኖውን እግር ሲያበጅ እሷ ከሥሩ ገብታ ተጋደመች። እኔ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ አንዱን ቁልፍ ስነካው፣ ከሥር ሳቅ ሰማሁ። ሌላውን ነካሁት፤ ደግማ ሳቀች። ወንድሟ መዶሻውን ይዞ ቀጥ አለ።

"ምነው?" አልኩት።

"ስትስቅ ሰማሃት? የኔታ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም" አለኝ። እሱም እንደኛ አባቱን "የኔታ" ነበር የሚላቸው። መዶሻውን አስቀመጠና "እባክህ አስተምራት" አለኝ።

እንዲህ ጀመርን። ምሳ ሰዓት መረጥን፤ መሥሪያ ቤቶቹ የሚዘጉበት፣ የአደባባዩ ድምፅ ማጉያም ዝም የሚልበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን እኔ የተማርኩትን ሥርዓት ሁሉ አመጣሁባት። ቀጥ ብለሽ ተቀመጭ፣ ጣትሽን እንዲህ እጠፊ አልኩና እጇን ያዝኩ። ነከሰችኝ። ጮኻ ከፒያኖው ሥር ገባች።

ወንድሟ በሳቅ ሊሞት ነው። "እጇን አትንካ አቦ! ጎኗ ሆነህ ለራስህ ተጫወት። እሷ ስትፈልግ ትመጣለች።"

እንዳለው አደረግሁ። ወንበሩን አስወገድነው፤ እሷ የምትማረው ቆማ ነው። ከነጮቹ ቁልፎች አላስጀመርኳትም። ጥቁሮቹ ብቻቸውን ሲመቱ የትዝታ ቅኝት ይሰጣሉ፤ በእነሱ ላይ እጅ የትም ቢያርፍ ስህተት የለም። እኔ ከግራ በኩል በወፍራሙ ድምፅ አጅባታለሁ፤ እሷ በቀኝ በኩል እንደ ፈቀደች ትሄዳለች። አንድ ቀን አጭር ዜማ ተጫውቼ የመጨረሻዋን ድምፅ ሳልመታ ተውኩት። ጠበቀች። ጭንቅ አላት። ከዚያ ጣቷን ሰዳ የጎደለችውን ድምፅ ራሷ መታችና እየዘለለች አዳራሹን ዞረችው። እኔም ተከትዬ ዘለልኩ። ከዚያ ወዲያ ትምህርታችን ይኸው ሆነ፤ እኔ እጀምራለሁ፣ እሷ ትጨርሳለች፤ እሷ ትጀምራለች፣ እኔ እጨርሳለሁ። ከሰው ጋር ይህን ያህል የተነጋገረችበት ሌላ ነገር አልነበራትም።

ያልፈለገች ቀን ከሥር ትጋደማለች፤ እኔ እጫወትላታለሁ። ያም ትምህርት ነበር። በማግስቱ ተኝታ የሰማችውን ቆማ ትመታዋለች። መክደኛው ሲዘጋ የሚያሰማውን ኳኳታ ስለማትወደው ወንድሟ ጠርዙ ላይ የበግ ቆዳ ለጠፈበት። ወደ አዳራሹ መሄድ ሲያምራት ደግሞ እኔን ባየች ቁጥር "ምሳ በላህ?" ትለኝ ጀመር፤ ስንገናኝ እኔ ሁልጊዜ የምጠይቃት እሱን ስለነበረ ነው። "በላሽ"ን "በላህ" ብላ የራሷ ጥያቄ አደረገችው። ወንድሟ ይህን የሰማ ቀን እንባ ሲይዘው አይቻለሁ።

እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አስተምሬ አላውቅም። ዛሬ የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ጦርነቱ በሰሜን በበረታበት ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይሰበሰብ ነበር። እያንዳንዱ ቀበሌ የሚያዋጣው ቁጥር ይሰጠዋል። አንድ ቀን የኪነቱ ኃላፊ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጠበቀኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"ጓድ መምህር፣ እንኳን ደስ ያለህ!"

"ምን አገኘሁ?"

"ከሚዘምቱት መሃል ነበርክ። ፒያኖውን ማን ይመታዋል ብዬ ተሟግቼ አስቀረሁህ። በዓሉ ደርሷል፤ ያለ ሙዚቃ ልናከብር ነው?"

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት።

"ቀበሌው ግን ቁጥሩን መሙላቱ አይቀርም" አለና መንገዱን ቀጠለ።

በማን ሊሞሉት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ቤቴ ገብቼ ራቴን በላሁ፤ በደንብ በላሁ። በዚያው ሳምንት አብሮ አደጌን ሥራ ላይ እንዳለ፣ መላጊያውን በእጁ እንደያዘ ወሰዱት። ቤተሰብ የሚያኖር ነው ተብሎ እስከዚያ ድረስ ተትቶ ነበር። በእኔ ፋንታ ይሁን፣ በሌላ ሰው ፋንታ ይሁን፣ ወይም ድሮውንም ተራው ደርሶ ይሁን፣ የነገረኝ የለም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው እኔ መቅረቴንና እሱ መሄዱን ነው።

በሚሄዱበት ጠዋት ኪነቱ አደባባይ ወጥቶ እንዲሸኝ ታዘዘ። እኔም ካኪዬን ለብሼ ከሰልፉ ቆምኩ፤ ፒያኖው ስለማይወጣ ከበሮ ሰጡኝ። እናቶች ከመኪናዎቹ ዙሪያ ያለቅሳሉ፤ እኛ ዘማቹን ጀግና እያልን እንዘፍናለን። በመሃል አብሮ አደጌ በምልክት ጠራኝ። ከበሮውን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሄድኩ።

"አንተ እንኳን ቀረህ" አለኝ።

"እንዴት?"

"ሁለታችንም ብንሄድ ልጅቷን ማን ያይልኛል? ፒያኖውን እንዳታስተዋት፤ ፈቃድህ ይሁን።"

"እሺ" አልኩ።

"አብሽር፤ ኢንሻላህ እመለሳለሁ" አለ። እኛ አገር እንዲህ ለማለት ክርስቲያን እስላም አይለይም። እህቱ ከአንድ ግድግዳ ሥር ጆሮዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከመኪናው ላይ ሆኖ አፏጨላት። ነገር ግን ከበሮ ነበር፣ እልልታ ነበር፣ ለቅሶ ነበር። አልሰማችውም። ከበሮውን ከሚመቱት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ እናትየው ልጅቷን አልልክም አሉ። ላመጣት ስሄድ በር ላይ ቆመው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን" አሉኝ፤ ግባ አላሉኝም።

"እማማ፣ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው።"

"የሄደው ሄዷል፣ የቀረው ቀርቷል። ልጄ ቤቷ ትቀመጥ።"

አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። በልቤ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ቀለል ብሎኝ ነበር። እነዚያን ዓይኖች በየቀኑ ከማየት ተረፍኩ ብዬ ነበር።

ልጅቷ ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። እየጠፋች መጥታ የአዳራሹን በር በመዳፏ ትደበድባለች። ሲመልሷት ራሷን ከግድግዳ ታላጋለች፤ ምግብም እምቢ አለች። በመጨረሻ እናትየው ራሳቸው ይዘዋት ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ግንባሯ አብጦ ነበር።

"ውሰዳት" አሉኝ።

እንደገና ጀመርን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከሥር ተጋድማ ብቻ አሳለፈቻቸው። ከዚያ ተነሣች። አንድ ቀን ከወትሮው የተለየ ነገር አደረገች፤ ከጥቁሮቹ ወጥታ በነጮቹ ላይ ጣቷን እያንሸራተተች አንድ ነገር ትፈልግ ጀመር። ትመታለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትተወዋለች፣ ደግሞ ትሞክራለች። እኔ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። በስንት ፍለጋ አገኘችው። ሽቅብ ወጥታ ቶሎ የምትመለስ አጭር ዜማ። ደገመችው። ሠለሰችው። እጇን እያራገበች ሳቀች።

እኔም ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። በጆሮዋ ሰምታ ከነጭና ከጥቁር ቀላቅላ ራሷ ያወጣችው የመጀመሪያ ዜማ! በወፍራሙ ድምፅ ሥር ሥሯን እየተከተልኩ አጀብኳት። ፈጠን አድርጌ፣ ዘገም አድርጌ፣ ከፍ ዝቅ አድርጌ ጨፈርንበት። ለቀናት ሌላ አልነካንም። ዜማው የማን እንደሆነ ጆሮዬ ያውቀዋል፤ የወንድሟ ፉጨት ነው። ግን ያን ሰሞን ለእኔ ዜማ ብቻ ነበር። ባለቤቱ የት እንዳለ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ በዚያ ምሳ ሰዓት አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ረስቼው ነበር። በእኔ ፋንታ ሄዶ ይሆናል ብዬ የምጠረጥረውን ሰው፣ እህቱ እየጠራችው ሳለ፣ እኔ አጃቢ ሆኜ ረሳሁት።

የገበያ ቀን ነበር። ሙቀት ስለነበረ መስኮቶቹን ከፍተናቸዋል። ዜማውን ጮክ አድርገን በመምታት ላይ ሳለን በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። እናትየው ናቸው። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎተታል፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ለካስ ከገበያ የገዙትን መንገድ ላይ በትነው ነው የሮጡት።

"መጣ? ልጄ መጣ?" አሉ። አዳራሹን ዙሪያውን አዩት። ከመድረኩ ጀርባ ሄደው መጋረጃውን ገለጡ። "ጠራት እኮ! አሁን ሲጠራት ሰማሁ! የታለ?"

እኔ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ልጅቷ ግን አላቆመችም፤ ያቺኑ ፉጨት ደግማ መታችው።

እናትየው ዞሩ። የልጃቸውን ጣቶች አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አልጋ ላይ እንደሚቀመጥ በሽተኛ፣ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለቀሱም። ወደ እኔ ሳያዩ "ድገሚው በልልኝ" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየገበያው ቀን እየመጡ፣ ዘንቢላቸውን አጠገባቸው አድርገው በሩ ሥር ይቀመጡ ነበር። ልጅቷ ትመታለች፤ እሳቸው ያዳምጣሉ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው አጅባለሁ። ጀርባዬ ይቃጠል ነበር።

አንድ ቀን አልቻልኩም። ልጅቷ ከፒያኖው ሥር ስትጋደም ወደ እሳቸው ሄጄ ኃላፊው የነገረኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ጨርሼ ስጠብቅ ዘንቢላቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ።

"ሰምቼዋለሁ" አሉ። "ይሄ ከተማ ትንሽ ነው።"

"ያኔውኑ ያውቁ ነበር?"

"አውቄ ነው በር ላይ ያቆምኩህ።"

"እማማ..."

"ይቅር በይኝ እንዳትለኝ። አንተም እናት አለችህ፤ እሷም ብታለቅስ ደስ አይለኝም። ይቅር የምልህ በደል አላገኘሁብህም። እንዳላዝንብህ ግን አልችልም፤ ስትገባ ስትወጣ ባየሁህ ቁጥር ልጄ ነው የሚታየኝ። እንዲያው አስተምራት።"

ይህን ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ደርግ የወደቀ ጊዜ አዳራሹ ተዘረፈ። ወንበሩም መጋረጃውም ቆርቆሮውም ሄደ፤ ፒያኖው ከብዶ ቀረ። ክረምቱ ገብቶ ዘነበበት። በመንገዱ ላይ የተበተነ ወታደር ይጎርፍ ነበር፤ ማዕረጉን የበጠሰ፣ ባዶ እግሩን የሆነ፣ እንጀራ የሚለምን። በየቀኑ እየወጣሁ ፊታቸውን አያለሁ። እናትየውም ያያሉ። ጎን ለጎን እንቆማለን።

መጣ። ሁሉም ተመልሶ ካለቀ በኋላ፣ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ፣ በወረኢሉ በኩል ከአንድ ነጋዴ ጋር መጣ። እያነከሰ ነበር፤ የግራ ጆሮው በመድፍ ድምፅ ጠፍቷል። እኔ ስደርስ እናቱ እግሩን እያጠቡት ነው። ልጅቷ ጎኑ ተቀምጣ ፊቱን ሳይሆን እጁን ታያለች፤ ደጋግማ "አብሽር፣ አብሽር" ትላለች። ድሮ ሰውን ሲያጽናና ከሱ አፍ የሰማችውን ቃል ለሱ መልሳ ሰጠችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የአናጢነት መሣሪያውን ያዘና አብረን ወደ አዳራሹ ሄድን። ፒያኖውን ፈታው። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ አብጦ ግማሾቹ ቁልፎች ከወረዱበት አይነሡም። እያንዳንዳቸውን ይፍቃል፣ ይሞክራል፣ ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ጎንበስ እንዳለ ጠየቅሁት።

"በእኔ ፋንታ ነው የሄድከው?"

"እኔ እንጃ" አለ ሥራውን ሳያቆም። "ሲጠሩኝ ሄድኩ።"

"እኔ እንድቀር መደረጉን ግን ታውቅ ነበር?"

"በተያዝኩ በነጋታው አወቅሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።"

"ታዲያ እንኳን ቀረህ ያልከኝ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "እውነቴን ነዋ። ያን ቀን እውነቴን ነው። በኋላ ምሽግ ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ፣ ሲርበኝ፣ ጓደኛዬ ጎኔ ሲወድቅ፣ አንተን የጠላሁበት ቀን አለ። ብዙ ቀን። ከዚያ ደግሞ እሷ ትታወሰኛለች፤ ማን ጋር እንዳለች አስብና ይተወኛል። ደግሞ ይመለሳል። ምን ልበልህ?"

"ምንም አትበለኝ" አልኩት።

"እንግዲያው ያንን ምስማር መንቀያ አቀብለኝ።"

አቀበልኩት። ያን ያህል ነው የተነጋገርነው። ዳግመኛ አላነሣነውም፤ ወዳጅነታችንም አልተቋረጠም። እሱ ሚስት አግብቶ እናቱን ቀበረ፤ እህቱ ከሱ ቤት ናት። ፒያኖው ጭራሽ ከማለቁ በፊት በቀሩት ቁልፎች ብዙ ዜማ አውጥታበታለች። አሁን አሮጊት ልትሆን ነው፤ ፀጉሯ ሸብቷል። እኔ ልጠይቃቸው ስሄድ ወደ ውስጥ ይዛኝ ትገባለች።

እኔ ከጊዜ በኋላ ደሴ ተዛውሬ እዚያ ቀረሁ። ጡረታ ስወጣ በትንሽ ኦርጋን ልጆች ማስተማር ያዝኩ። እንደሷ ያሉትን ልጆች ሌላ አስተማሪ ሲመልሳቸው ወደ እኔ ይልኳቸዋል። ቆመው ይማራሉ፤ ከጠረጴዛ ሥር ተጋድመው ይማራሉ፤ እጃቸውን አልነካም፤ ከጥቁሮቹ አስጀምራለሁ። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ይህን እንጀራ የጋገርኩት የሌላ እናት ልጅ ጉድጓድ ውስጥ በነበረበት ዓመት መሆኑን ግን አልረሳም፤ ልጆቹ ሲስቁ ደስታዬ ሙሉ ሳይሆን ይቀራል።

ባለፈው አንዲት እናት ልጇ የመጀመሪያ ዜማውን ሲጨርስ አይታ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። እጄን ቶሎ ሸሸግሁ።

"ጋሼ፣ ይህን ማስተማር የት ተማሩት?" አለችኝ።

"አገሬ፣ ቦረና።"

"እዚያ ይህን የሚያስተምር ነበር?"

"ያስተማሩኝ ሰዎች ነበሩ" አልኳት። ልጁ እንድጀምርለት እየጠበቀ ነበርና ወደ ኦርጋኑ ዞርኩ።